አምባ የሠራው ግራፍ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ጠዳ ወደሚኖሩ አንዲት ደንበኛችን ቤት ሄድሁ። ጣሪያቸው ላይ የሰቀልናትን የኢንተርኔት አንቴና ነፋስ አዙሯት ነበር። ሥራው የሃያ ደቂቃ ነው፤ ከመሰላሉ ስወርድ ግን ረከቦቱ ቀርቦ፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶ ጠበቀኝ። አንደኛውን ስኒ እየጠጣሁ፣ ለጨዋታ ያህል፣ «እማማ፣ መስመሩ እንዴት ነው? ማታ ማታ አያስቸግርዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ እኔስ ለምጄዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ማታማ አይሞከርም። ልጅቱን የማገኛት ሌሊት 10 ሰዓት ነው። እኔም ለኪዳን ስነሣ፣ እሷም አሠሪዎቿ ሳይነቁ። ያን ጊዜ መስታወት ነው።»

ልጃቸው ሪያድ ናት። የሪያድና የጎንደር ሰዓት አንድ ነው፤ እዚህ 10 ሰዓት ሌሊት ሲሆን እዚያም ሰው የሚተኛበት ሌሊት ነው። ሴትየዋ ያሉትን በቅሬታ አላሉትም። ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ፣ ያለውን ነገር ተቀብለው ነው የተናገሩት። እኔ ግን ሁለተኛውን ስኒ እንዴት እንደጠጣሁት አላውቅም። እናትና ልጅ በሁለት አገር እንቅልፋቸውን ቆርጠው የሚነሡት እኔ በማስተዳድረው መስመር ምክንያት ነበር፤ እኔ ደግሞ ይህን ነገር ለአንድ ዓመት ያህል በዓይኔ ሳየው ቆይቻለሁ።

ያየሁት በግራፍ ነው። የመስመራችንን ፍሰት በየ5 ደቂቃው የሚመዘግብ አንድ ሰርቨር አለን፤ የሚያወጣው ሥዕል ላይ ከሌሊቱ መካከል ትንሽ ጉብታ ትታያለች። የሰርቨሩ ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለተሞላ ጉብታዋ የምትቀመጠው 01:00 ላይ ነው። እኔም በችኮላ እንደ እኛው አገር አቆጣጠር አስልቼ «ሌሊት 7 ሰዓት፤ ስልኮች ተኝተው ሳለ ራሳቸውን ሲያድሱ ነው» ብዬ ዘግቼው ነበር። ሦስት ሰዓት መደመር ነበረብኝ። ሲደመር ንጋት 4:00 ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 10 ሰዓት። በሦስት ዓይነት ሰዓት የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት ይሠራል፤ ሰርቨሩ በአንዱ፣ ግድግዳው በሌላው፣ ደንበኛው በሦስተኛው። ጉብታዋ የስልክ እድሳት አልነበረችም። ሰዎች ነበሩ።

እኛ ሦስት ሆነን የምንሠራት ድርጅት ትንሽ ናት። የቴሌኮም ዘርፉ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከአንድ እጅ ወጥቶ በሩ ከተከፈተ ወዲህ፣ ኢንተርኔት በጅምላ ገዝተን በችርቻሮ እናከፋፍላለን፤ ከማራኪ ጀምሮ በአዘዞ አድርገን እስከ ጠዳና በዙሪያው ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ድረስ። ጅምላውን የምናመጣበትን ፋይበር በመካከላችን «ላይኛው መስመር» እንለዋለን። ከላይኛው መስመር ወዲህ ያለው ማማ፣ መስመሩን በአየር የሚያሻግር ሬዲዮ፣ ባትሪና መሰላል ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ ያ ላይኛው መስመር ነው። የወር ክፍያው ከቢሮ ኪራይና ከሦስታችን ደመወዝ ድምር ይበልጣል፤ ስለዚህ አንድ ሜጋቢት (የመስመር ፍጥነት የሚለካበት ነው) ለመጨመር በተነሣን ቁጥር ስብሰባው ሽማግሌ የሚያስፈልገው ዓይነት ይሆናል።

አሁን ወደ ግራፉ ልመለስ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነውና። ጤነኛ መስመር በቀን ውስጥ የሚሠራው ቅርጽ ኮረብታ ነው። ጠዋት ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ይረግባል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ያሻቅብና 3 ሰዓት አካባቢ ጫፉ ላይ ደርሶ ሰው ሲተኛ ይወርዳል። ጫፉ ሹል ነው። የእኛ ግን ሹል አልነበረም። ከምሽቱ 1:30 ላይ ወጥቶ በ300 ሜጋቢት ላይ ተቆርጦ እስከ 4:30 ድረስ በገበታ እንደተላገ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። ወደ ደባርቅ የሄደ ሰው ሁሉ ይህን ቅርጽ ያውቀዋል፤ ዙሪያው ገደል፣ ላዩ ሜዳ፤ አምባ ነው። በቢሮአችንም ስሙ አምባ ሆኖ ቀረ። «ዛሬም አምባ ወጣን» እንባባላለን።

የሚያሳፍረኝ፣ በመጀመሪያው ዓመት ይህን አምባ እንደ ጥሩ ነገር አየው ነበር። የገዛነው ሁሉ ተሸጠ፣ አንድም ሜጋቢት አልባከነም ማለት ነው ብዬ። አምባ ግን አናቱ የተቆረጠ ኮረብታ ነው፤ የተቆረጠው ምን ያህል እንደሆነ ከቀረው አይታወቅም። 50 ሜጋቢት ይሁን 500፣ ግራፉ ላይ የሚታየው ያው ሜዳ ነው።

ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህ ለምን እንደጠፋው ራሱን ቢጠይቅ ይገባዋል። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማው እየሰፋ፣ ውሃ በፈረቃ ስንጠብቅ ነው ያደግነው። በየግቢው ሮቶ አለ፤ በየቤቱ ጄሪካን ተደርድሯል። እናቴ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት አትተኛም ነበር። የዚያን ዘመን የቤታችንን ቆጣሪ አንብቦ «ይህ ቤተሰብ በወር ይህን ያህል ውሃ ይበቃዋል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ሳቅ አይበቃንም። ቆጣሪው የፈሰሰውን ይቆጥራል እንጂ የጠማውን አይቆጥርም። ይህን የሚያውቅ ልጅ አድጎ፣ የኢንተርኔት ቆጣሪ ፊት ተቀምጦ፣ ደንበኞቼ 300 ሜጋቢት በቅቷቸዋል ብሎ አመነ። እናቴ ውሃ ስትጠብቅ እንደምታድረው ሁሉ ጠዳም ሴትየዋ መስመር ጠብቀው ያድሩ ነበር።

ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አስፍተን ነበር፤ ያ ማስፋት እንዴት እንደከሸፈ ልናገር። ያን ጊዜ ደንበኞቻችን 290 ነበሩ። ግራፉን አየሁ፤ አናቱ 300 ነው። አንድ ሦስተኛ ብንጨምር ለዓመት ይበቃል ብዬ አሰላሁ፤ 400 ገዛን። በ11ኛው ቀን አዲሱ አምባ 400 ላይ ተሠራ። አዲስ ደንበኛ ሳይገባ፣ አዲስ ሰፈር ሳንይዝ። ያው ሰው ነው፤ ቀድሞ ደብዛዛ ሆኖ የሚያየውን ቪዲዮ አጥርቶ ማየት ጀመረ፣ ተስፋ ቆርጦ የተወውን ሞከረ። የሥራ ባልደረባዬ፣ ገንዘቡን የሚይዘው፣ «ሰው አበላሸን» አለ። አልተበላሸም፤ የሚፈልገውን ሲያገኝ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ስለ ማስፋት ሳስብ የጎንደር አመሠራረት ትዝ ይለኛል። ከአፄ ፋሲል በፊት የነበሩት ነገሥታት በአብዛኛው በድንኳን ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ነበሩ፤ የሰፈሩበት አካባቢ ማገዶና ስንቅ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። በ1636 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፋሲል እዚህ ሲረጋ ነው ነገሩ የተለወጠው። የእኛም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዕቅድ የድንኳን ዕቅድ ነበር፤ ማገዶው ሲያልቅ መነሣት።

በኋላ ሌላ ነገር ተማርሁ፤ ማታ የሚያስለቅሰው የፍጥነት ማነስ ብቻ አልነበረም። በ5 ደቂቃ አማካይ የሚሳል ግራፍ ትዕግሥተኛ ውሸታም ነው። አማካዩ 85 በመቶ ሲል፣ በውስጡ መስመሩ ሙሉ በሙሉ የታነቀባቸው ብዙ ሰከንዶች አሉ። በእነዚያ ሰከንዶች ፓኬቶች፣ መልእክቱ ተከፋፍሎ የሚጓዝባቸው ጥቅሎች፣ ወረፋ ይይዛሉ። ወረፋው ረጅም ከሆነ ሁሉም ይዘገያል፤ አንዱ ልጅ ጨዋታ ሲያወርድ የጎረቤቱ የቪዲዮ ጥሪ ከኋላው ይቆማል። ቀን ላይ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ 14 ሚሊሰከንድ የሚፈጀው ማታ 380 ይፈጅብን ነበር። በዚህ ላይ «እንዴት ዋልሽ» ቢባል መልሱ የሚመጣው ሌላ ወሬ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው ወረፋው የሚታየው በእኛ ዕቃ ላይ አለመሆኑ ነው። ወደ እኛ የሚወርደው ፍሰት የሚታነቀው ከወዲያኛው ጫፍ፣ ጅምላውን ከሚሸጥልን ድርጅት ራውተር፣ ፍሰቱን ከሚመራው ዕቃ፣ ላይ ነው። የእኛን ራውተር ከፍተን ብናይ አንድም የተጣለ ፓኬት የለም፤ ንጹሕ ነው፤ እንግዳ በር ላይ ተገፍቶ ሲመለስ ሳሎኑ ሰላም እንደሚመስለው። መፍትሔው ከገዛነው ትንሽ ዝቅ አድርጎ በራሳችን ዕቃ መገደብ ነበር፤ ከ400ው 380 ላይ። ያን ጊዜ ወረፋው ወደ ቤታችን ይመጣል፤ ከመጣ በኋላ ደግሞ ለየደንበኛው እኩል እየሰጠ የሚያሰልፍ ስልት በራውተሩ ላይ ማብራት ይቻላል። ነጻ ነው፤ የሶፍትዌር ሥራ ብቻ ነው። አደረግነው፤ መዘግየቱ በአንድ ምሽት ወደ 40 ሚሊሰከንድ ወረደ። ሌላ ምንም ከመግዛት በፊት ይህን ያላደረገ አነስተኛ አከፋፋይ ካለ ዛሬ ማታ ያድርገው።

ግን ወረፋ ማስያዝ ውሃ አይጨምርም። ጥሪው አልቆራረጥ አለ፣ ምስሉ ግን ደብዛዛ ሆነ፤ ሁሉም እኩል ትንሽ ትንሽ ደረሰው። ጠዳ ያሉት እናት ከዚህ በኋላም ሌሊቱን አልተዉም ነበር፤ አንድ ጊዜ ማታ አይሆንም ያለ ሰው ማታን ዳግመኛ አይሞክርም።

በድሮ ጊዜ ሌላ መንገድ ነበረ፤ ሰው ደጋግሞ የሚከፍተውን ገጽ በራስ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ከዚያ ማደል። ድረ ገጾች ሁሉ በምስጢር ቁልፍ መላክ ከጀመሩ ወዲህ መካከል ላይ የተቀመጠ ሰርቨር ምን እንዳለፈ አያይም፤ ያላየውን ደግሞ ማስቀመጥ አይችልም። ትልልቆቹ የቪዲዮ ኩባንያዎች የራሳቸውን ማስቀመጫ ሰርቨር የሚያስተክሉት ብዙ ፍሰት ላላቸው ትልልቅ አገልግሎት ሰጪዎች ነው። የእኛን ያህል ሰው ደብዳቤ ቢጽፍላቸው መልስ አያገኝም።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ሆነ፤ የተቆረጠውን የአምባ ጫፍ እንዴት እንለካ? ከጠዳ የተመለስሁ ዕለት ማታ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ያደርሁት ነው። መልሱ ሲገኝ ቀላል ነበር። ከ310 ደንበኞቻችን 20ውን በዕጣ አወጣን። በዕጣ መሆኑ ዋና ነው፤ የሚጮኸውን መርጦ መለካት የሚጮኸውን ብቻ ይነግራል። ለ20ዎቹ ስልክ ደውለን «ለሁለት ሳምንት መስመራችሁ ይፈጥናል፣ ክፍያው ያው ነው፣ ከዚያ ወደ ነበረበት ይመለሳል» ብለን አስፈቀድን። (አንዱ «መልሳችሁ ልትነሡኝ ከሆነ ባታሳዩኝስ» አለ። እውነት አለው፤ ግን ተስማማ።) ከዚያ በራውተሩ ላይ የእነሱ ፓኬት ከሁሉ ቀድሞ እንዲያልፍ አደረግን። ወረፋ የሌለባቸው 20 ቤቶች ማለት ነው፤ ውሃ ሳይቋረጥ የሚመጣላቸው።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ የ20ዎቹ አማካይ በምሽቱ ከባድ ሰዓት ለአንድ ቤት 1.7 ሜጋቢት ወጣ። በዚያው ሰዓት ሌሎቹ የሚያገኙት 1.3 እንኳ አይሞላም። ሌሎቹ ላይ የጎደለው ሦስት በመቶ አይሆንም፤ ማንም አልደወለም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የ20 ቤት ፍሰት ይዘላል፤ አንድ ሰው ብቻ ትልቅ ፋይል ቢያወርድ ሥዕሉ ጦር ይሆናል። ያንን ጦር ወስዶ በ310 ማባዛት እብደት ነው፤ ብዙ ሰው ሲደመር የአንዱ ጉብታ በሌላው ጎድጓዳ ይሞላል። ስለዚህ የሰዓቱን አማካይ ብቻ ወሰድን።

ቀሪው ሒሳብ በአንድ ወረቀት ጀርባ አለቀ። 310 ቤት በ1.7 ሲባዛ 527 ሜጋቢት ዛሬ። በወር ሰባት ስምንት ደንበኛ እየጨመረ በዓመቱ 400 ቤት፤ 680 ሜጋቢት። መስመር ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ ሲሞላ ወረፋ ስለሚጀምር 680ን ለ0.8 ማካፈል፤ 850። በዚያ መጠን የሚሸጥ ስለሌለ 1 ጊጋቢት፤ 1,000 ሜጋቢት ማለት ነው።

ባልደረባዬ ቁጥሩን አይቶ ዝም አለ። ዝምታው አገሩን ሁሉ የሚያውቅ ዝምታ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ራውተርና የፋይበር ሞጁል ዋጋቸውን ጠይቀህ ወደ ቤት ስትመለስ ሌላ ሆኖ ነው የሚጠብቅህ። «600 እንግዛና እንይ» አለ። የማይረባ ሐሳብ አልነበረም። እኔ ግን የ11 ቀኑን አስታወስሁት። ከዚያ እሱ ራሱ እናቱ የምትለውን አመጣ፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» ተረቱን ያመጣው ለእኔ ወይስ በእኔ ላይ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ፊርማውን ግን አኖረ።

ያለፉትን ዓመታት ግራፍ ለምን አልተጠቀማችሁም የሚል ይኖራል። ተጠቅመን ነበር፤ ግን ተቦጫጭቋል። በክልላችን ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለወራት የሞባይል ዳታ በተቋረጠበት ጊዜ የነበረው ፍሰት ለትንበያ አይሆንም። በአንድ ዋይፋይ ቤት ደጃፍ ሠፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ የቆመበት ጊዜ ነው። መብራት የጠፋባቸውን ምሽቶችም አወጣን። ከተረፈው ላይ መስመር ቢሰመርበት የሚነግርህ የአገሩን ሁኔታ ነው እንጂ የደንበኛውን ፍላጎት አይደለም።

ስለ ጥምቀትም ተከራክረናል። ጥር 11 ጎንደር ሌላ ከተማ ናት፤ የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያውን ሰው ይሞላል፣ በየእንግዳ ማረፊያው አልጋ የለም፣ ሁሉም የቀረጸውን ወደ ላይ ይልካል። በሌላው ቀን ተኝቶ የሚውለው የመላኪያው ግራፍ ያን ሰሞን ነፍስ ይዘራል። ለእነዚያ ሦስት ቀናት ብለን ለዓመቱ ሁሉ እንግዛ? ለሠርግ ተብሎ ድንኳንና ብረት ድስት ማን ይገዛል፤ የእድሩ ይመጣል እንጂ። በሌላው ዓለም ለዚህ የሚሆን ውል አለ፤ በየ5 ደቂቃው የተለካውን የወሩን ፍሰት ደርድሮ ከላይ አምስት በመቶውን ጥሎ ከዚያ በታች ባለው ማስከፈል። በ30 ቀን ውስጥ 8,640 ልኬት አለ፤ የሚጣለው 432 ነው፤ 36 ሰዓት ማለት ነው። የጥምቀት ሦስት ምሽቶች በ36 ሰዓት ውስጥ ገብተው ይቀራሉ። የእኛ ውል ግን ቁርጥ መጠን ነው፤ ካለፈ አያልፍም። ስለዚህ ለጥምቀት አንገዛም፤ እኩል አሰልፈን እናሳልፈዋለን።

ከመጠኑ ይልቅ የከበደው ጊዜው ነበር። ይህንን ማንም አይነግርህም። ደብዳቤውን ያስገባነው ነሐሴ ላይ ነው። ጥናት፣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ውል፣ በሁለቱም ጫፍ ገመዱ የሚሰካበት ክፍት ወደብ፣ ከውጭ የሚመጣ ሞጁል፤ መስመሩ የተከፈተው ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። (ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።) አምስት ወር። ፍሰታችን በወር 2.5 በመቶ ያህል ያድጋል ብንል፣ 80 በመቶ ላይ በደረስን ዕለት አዲሱ መስመር እጃችን ላይ እንዲሆን ደብዳቤው 71 በመቶ ላይ ሳለን መግባት አለበት። 71 በመቶ ላይ ደግሞ ማንም ደንበኛ አይደውልም፣ ሁሉ ሰላም ነው፣ ባልደረባዬ «አሁን ምን አጣን?» ይላል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቅሬታ ሲመጣ ለመጠየቅ አምስት ወር ዘግይተሃል።

ሁለተኛ ላይኛው መስመር የመያዝ ነገርም ተነሥቶ ነበር፤ ለአሁኑ ተውነው። ልንገዛው የነበረው ሁለተኛው ፋይበር ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ምሰሶ ተንጠልጥሎ ነው የሚመጣው። አንድ የጭነት መኪና ምሰሶውን ቢመታ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ፤ ሁለት ቢል መክፈል እንጂ ሁለት መስመር መያዝ አይደለም። ከዚያም በላይ፣ ባሕር የሌላት አገር በጅቡቲም ሆነ በኬንያ አድርጋ በሰው ደጅ ነው ወደ ባሕር ሥር ገመዶች የምትደርሰው። የካቲት 2016 ላይ በቀይ ባሕር ሥር ገመዶች ሲቆረጡ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ አገር ተቸግሯል፤ እንዲህ ያለውን ጎንደር ላይ የሚገዛ ሜጋቢት አይጠግነውም።

ጥር ላይ መስመሩ ሲከፈት ሦስታችንም ቢሮ አደርን። ምሽት 1:30 ሆነ፤ ግራፉ 400ን አለፈ፤ 450፤ 500። ሦስት ሰዓት አካባቢ 590 ላይ ሹል ሆኖ ወጥቶ ቀስ ብሎ ወረደ። ኮረብታ! ደንበኞቻችን በአምስቱ ወር 347 ደርሰው ነበር፤ በ1.7 ሲባዛ 590። ስሌት እንዲህ በትክክል ሲገጥም አያለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር፤ ምናልባት ግማሹ ዕድል ነው። በማግሥቱ ግን ከጠዳ ስልክ ተደወለ፤ ከሌላ ሰው፣ ቁጣ ያለው። እዚያ ሌላ አምባ ተሠርቶ ነበር። ወደ ጠዳ የሚያሻግረው ሬዲዮ በወረቀት ላይ የሚያሳልፈው ብዙ ነው፤ በተግባር ግን 140 ሜጋቢት ነው። ላይኛው መስመር 400 ሳለ ጠዳ ላይ ላሉት 95 ቤቶች የሚደርሰው 122 ያህል ስለነበር ሬዲዮው አልተነካም። አሁን ሁሉም 1.7 ሲፈልግ 160 አለፈ። ትልቁን ቧንቧ ስናሰፋ የጠበበው ትንሹ ተገለጠ። ሁለተኛ ጥንድ ሬዲዮ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ለመስቀል ሦስት ሳምንትና አንድ የተሰበረ የባልደረባዬ መነጽር ፈጀ።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ከማማው ስመለስ፣ እማማ ዘንድ ጎራ አልሁ። እውነቱን ለመናገር ልመሰገን ነው የሄድሁት።

«ማታ ይሠራል አሉኝ፤ ወንድሞቿ ማታ ማታ ያወሯታል» አሉ። «እኔ ግን ያው ሌሊት ነኝ።»

«ለምን እማማ? ማታ እኮ አሁን እንደ ሌሊቱ ሆኗል።»

«ማታ ሥራ ውላ ደክማ ነው፤ ከሁሉ ጋር ሆና ነው። ሌሊት ማንም የለም። እኔና እሷ ብቻ ነን።» ስኒውን እያቀበሉኝ ነበር። «ደግሞ ለምዳዋለች፤ ሳልደውልላት ብቀር ትደነግጣለች።»

ቢሮ ገብቼ ግራፉን ከፈትሁ። የሰርቨሩን ሰዓት አስተካክዬዋለሁ፤ አሁን በአገራችን ሰዓት ነው የሚያሳየው። የምሽቱ ኮረብታ 600 ደርሷል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ያቺ ትንሽ ጉብታ እንደነበረች አለች። 710 ላይ ስንደርስ ደብዳቤ መግባት አለበት፤ ቆጠርሁ፣ ወደ ሰባት ወር ይሆናል። የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ገልጬ መስከረም ላይ በእርሳስ አንድ ክብ ሠራሁ፤ ባልደረባዬ አይቶ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።